እሁድ እሁድ ዝም ይላል

የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሶማሌ ተራ፣ መርካቶ

ይድረስ ለዘመድኩን፤

ደህና ነህ ወይ እያልኩ ወረቀት አልጨርስም። ደህና መሆንህን፣ መወፈርህንም ጭምር፣ ደብዳቤህን ያመጣልኝ ማሙሸት ነግሮኛል። የቦንጋ አውቶቡስ ሹፌር ይባል እንጂ ዋና ሥራው ወሬ ማመላለስ ነው። እኔም ደህና ነኝ። ሱቁም ደህና ነው፤ ብርዱ ስላልለቀቀ ብርድ ልብስ ይሸጣል፣ አንሶላና ትራስ ግን ቀዝቅዟል።

ለምን ዘገየሽ ላልከው፣ ሥራ በዝቶብኝ ነበር ብዬ አልዋሽህም። ተናድጄ ነው። ባለፈው ደብዳቤህ አለቃዬ ዶክተር ፀደንያ እንዲህ አለች፣ ዶክተር ፀደንያ እንዲያ አደረገች እያልክ ሁለቱንም ገጽ ሞላኸው። የኔ ስም ያለው ፖስታው ላይ ብቻ ነው። ሰውዬ፣ ያገባኸው እኔን ነው።

ሰው ስለኔ ሲጠይቅሽ ምን ትያለሽ ብለሃል። ምን ልበል? ስንት ዓመት መርካቶ ውስጥ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲጠግን የኖረው ባሌ ከቦንጋ በላይ ካለ ተራራ ላይ ወጥቶ፣ ከሰማይ የሚጠራው ካለ ብሎ ጆሮውን ጥሎ ተቀምጧል ልበል? ስልክ አንቴናዎቹን ስለሚረብሽ ክልክል ነውና በዚህ ዘመን እንደ አያቶቻችን ደብዳቤ እንጻጻፋለን ልበል? እውነቱን የነገርኳት ለጎረቤቴ ለሂዳያ ብቻ ነው። እሷም ሞባይል ነጋዴ ስለሆነች ስልክ የሌለበት አገር አለ ብላት አላመነችኝም። ለሌላው ሰው ጅማ መብራት ሊዘረጋ ሄዷል ብያለሁ።

ከሰማይ ወዲያ የሚያስብ ፍጥረት ያለ ይመስልሻል ብለህ ለጠየቅከኝ፣ አለ ባይ ነኝ። ይሄን ሁሉ ሰፊ ነገር እግዜር ለአንድ መርካቶ ብቻ አልፈጠረውም። ግን አትሰሟቸውም። ለምን መሰለህ? እናንተ ዝም ብላችሁ ትሰማላችሁ። እነሱም እንደናንተ ብልጦች ከሆኑ ዝም ብለው ይሰማሉ። ገዢ ሱቄ ገብቶ ዋጋ እስክጠራለት ዝም ሲል፣ እኔም እስቲ ስንት ይሰጥ ይሆን ብዬ ዝም ስል፣ ተፋጠን ተፋጠን ባዶ እጃችንን ነው የምንለያየው። አንዱ ደፍሮ መጥራት አለበት። ይሄን ለማወቅ ተራራ መውጣት አያስፈልግም ነበር።

ለፋሲካ እንደምትመጣ አምናለሁ። ከእኔና ከድመቷ በቀር ሰው የሌለበት ቤት ውስጥ በግ አላርድም።

ፋናዬ


መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከጣቢያው

ለምወድሽ ፋናዬ፤

ሰላምታዬ ከነናፍቆቴ ይድረስሽ። ወፍሯል ያለሽን ማሙሸት አትስሚው፤ ያየኝ ሦስት ሹራብ ደርቤ ነው።

በቃል የላክሽበትን ጥያቄም አድርሶልኛል፤ ተሳፋሪ ሁሉ እየሰማ። ዶክተር ፀደንያ አላገባችም። ዕድሜዋን አልጠየቅኳትም። ቆንጆ ናት ወይ ላልሽው ምን ብዬ እንደምመልስልሽ አላውቅም፤ እንዲሁ ሰው ናት።

አንድ ይቅርታ አለብኝ። ደብዳቤሽን፣ ስለ ገዢና ሻጭ የጻፍሽውን ቦታ ብቻ፣ ራት ላይ አነበብኩላቸው። ሁሉም ሳቀ። ዶክተር ፀደንያ ግን አልሳቀችም፤ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። እኛ እስካሁን የሰማን እንጂ የጠራን አይደለንም፣ ምናልባት ሰማዩ ሁሉ በሰሚ የተሞላ ይሆናል አለች። ከዚያ "አንዱ ደፍሮ መጥራት አለበት" የሚለውን በትልቁ ጽፋ ከጠረጴዛዋ ፊት ለጠፈችው። ደስ ይልሻል ብዬ ነው የምነግርሽ።

እዚህ ሥራዬ ጄነሬተሩንና መስመሮቹን ማየት ነው፤ በተረፈ ግቢው ውስጥ አንድም ስልክ አለመግባቱን የማረጋግጠው እኔ ነኝ። በስሜ ፈርሜያለሁ። አንድ ስልክ ከሰማይ ከሚመጣው ነገር ሁሉ በላይ ይጮኻል፤ ሌላውን ያደነቁረዋል።

ምን ልላክልህ ላልሽው፣ ሌላ ነገር አልፈልግም፤ ትራስ ብቻ። የዚህ ቤት ትራስ ድንጋይ ነው። አንቺ የሞላሽው ቢሆን ደስ ይለኛል።

ውሌ ሰኔ ላይ ያልቃል። ሁለት ዓመት እንጨምርልህ ብለውኛል፤ እስካሁን አልመለስኩላቸውም። አንቺ ምን ትያለሽ?

ያንቺው ዘመድኩን


መጋቢት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሶማሌ ተራ

ዘመድኩን፤

እንዴት ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ፤ አንጀቴ ከማረሩ በቀር።

ለባሌ የጻፍኩትን ደብዳቤ ባሌ ለሌላ ሴት ያነባል። ያውም ራት ላይ። ያውም ሁለት ጊዜ። ደስ ይልሻል ብለህ ነው አይደል? ደስ ብሎኛል። እኔ ከአንተ ጋር ስኖር ከተናገርኩት አንድም ቀን አንዲት ቃል ግድግዳ ላይ ለጥፈህልኝ አታውቅም። እሷ ለጠፈችው። እንግዲህ በኔ ቃል እናንተ ተጫወቱ።

እንዲሁ ሰው ናት ያልከውንም አንብቤዋለሁ። እኔን ለእናትህ ስታስተዋውቀኝ ቆንጆ ናት ለማለት ማሰብ አላስፈለገህም ነበር።

ትራሱን በማሙሸት ልኬልሃለሁ። ጥጡን ራሴ ነድፌ፣ ራሴ ሞልቼ፣ ራሴ ሰፍቼዋለሁ። ከበድ ቢልህ ጥጡ ስለበዛ ነው። ልብሱን አውልቀህ እጠበው እንጂ ትራሱን ውሃ እንዳታስነካው፤ ስፌቱንም እንዳትፈታው። ራስህ ተኛበት። ለማንም አታውሰው። ስለ ትራስ ይሄን ሁሉ ማሳሰቢያ ምን አመጣው እንዳትለኝ፣ የሙያዬ ነገር ነው።

ስለ ሁለቱ ዓመት ለጠየቅከኝ መልሴን ፋሲካ ስትመጣ ፊት ለፊት እነግርሃለሁ። በደብዳቤ ከሆነ ለማን እንደምታነበው አላውቅም።

ፋናዬ


ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሶማሌ ተራ

ለአቶ ዘመድኩን፤

ፋሲካ አለፈ። በጉን አልገዛሁም፤ እሱን እንኳን ቀድሜ አውቄው ነበር። አልመጣም፣ ሥራ አለብኝ፣ ምክንያቱን አሁን መናገር አልችልም ብለህ በማሙሸት ላክህብኝ። የማይነገር ሥራ። ደብረ ዘይት ያለችው እህቴ ነይ ብላኝ ነበር፤ አልሄድኩም። ባልሽስ ስትለኝ ምን እመልሳለሁ?

የማይነገረውን ሥራ ግን አውቄዋለሁ። እንዴት እንዳወቅኩ አትጠይቀኝ። ትራሴን እሷ ናት የተንተራሰችው። አንተ አይደለህም። አንዲት ሴት፣ ድምጿ ቀጠን ያለ፣ ቀስ ብላ "መጣህልኝ" ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንድ ቀን ብቻ ቢሆን ተሳስቻለሁ እል ነበር። መጣህልኝ፣ መጣህልኝ፣ በየቀኑ። ሰው ለማንም አላፊ አግዳሚ እንደዚያ አይልም። እኔ ራሴ እንደዚያ ብዬህ የማውቀው በተጋባን ሰሞን ነው።

ዓይንሽን ጨፍኚ ላሞኝሽ እንዳትለኝ። ሰማይ ላይ ሰው ፍለጋ ብለህ ነው የሄድከው፤ የፈለግከውን ሰው አግኝተሃል። ሰማይ ላይ ግን አይደለም።

ሰው ቅናት ያሳብዳል ሲል እስቅ ነበር። አሁን ዕቃ ስሸጥ መልስ እሳሳታለሁ። ሂዳያ ሻይ ይዛ እየመጣች አጠገቤ ትቀመጣለች። እርር ድብን ብያለሁ፤ ይሄንንም ለሷ አንብብላት።

ፋናዬ


ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከጣቢያው

ፋናዬ፤

ከዘበኞቹ አንዱ ወሬ ያቀብልሻል ብዬ ጠርጥሬ ሁሉንም ተጣላኋቸው። ማን እንደነገረሽ አላውቅም፤ ግን የነገረሽ ሰው እውነቱን ግማሽ አድርጎ ነው የነገረሽ።

ትራሱን ሰጥቻታለሁ። አንገቷን ያማታል፤ ቀኑን ሙሉ መስሚያው ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ ናት፤ ትደገፈዋለች። አታውሰው ብለሽኝ ሳልነግርሽ መስጠቴ ጥፋት ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ። መጣህልኝ የምትለው ግን እኔን አይደለም። መሐላ ገብተን ነበር፤ ለአንቺ ስል ላፍርሰው። ይሄን ለማንም፣ ለሂዳያም ቢሆን እንዳትነግሪ።

አንድ ነገር ይጠራናል።

ከመጋቢት መጨረሻ ጀምሮ ነው። ጀምበር ልታዘቀዝቅ ስትል ስክሪኑ ላይ መስመሩ ብድግ ይላል፣ ጥቂት ይቆያል፣ ይቆረጣል። በማግስቱም በዚያው ሰዓት ግድም። ዶክተር ፀደንያ መጀመሪያ አላመነችም፤ ከኛው ግቢ የወጣ ብልሽት ነው ብላ ጄነሬተሩን አስጠፋችኝ፣ መኪናውን ከተራራው አስወረደችው፣ የሁላችንንም ሻንጣ አስፈተሸች። ስልክ የለም ብዬ እንደገና ፈረምኩ። አሁንም ይመጣል። አሁን ሰዓቱ ሲደርስ ሥራ ያለውም የሌለውም እዚያ ክፍል እንሰበሰባለን። መስመሩ ሲነሳ እሷ "መጣህልኝ" ትለዋለች። ይሄው ነው የሰማሽው።

ይበልጥ የሚገርምሽ ደግሞ እሁድ እሁድ ዝም ይላል። ስቅለት ዕለት ዝም አለ፤ ፋሲካንም አልመጣም። ኦርቶዶክስ ሳይሆኑ አይቀሩም ብዬ ሁሉንም አሳቅኳቸው። እሷ ግን ድንጋይ አያርፍም፣ ኮከብም አያርፍም፣ የሚያርፍ የሚያስብ ብቻ ነው አለች። ከዚያ በኋላ ማንም አልሳቀም።

ግንቦት 14 አዲስ አበባ ላይ፣ ከውጭ በሚመጡ ሊቃውንት ፊት ታቀርበዋለች። እስከዚያ የሚያስተባብለው ነገር ካልመጣ ስሟ ከጠሪው ስም ጋር ለዘላለም ይቆራኛል። እኔም የሁለቱን ዓመት ውል ልፈርም ነው። እንዲህ ያለ ነገር እየመጣ ጥዬ እንዴት እወርዳለሁ? አንቺም ብትሆኚ አትወርጅም ነበር።

ዘመድኩን


ግንቦት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሶማሌ ተራ

ዘመድኩን፤

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ተረድቻለሁ።

ለዶክተር ፀደንያ እንኳን ደስ አለሽ በልልኝ። በሊቃውንቱ ፊት እንዲቀናት እመኛለሁ። የጠራትን ነገር ጥሩ አድርጋ ትግለጽላቸው። እሁድ እሁድ ዝም ይላል ያልከውን ደጋግሜ አነበብኩት። ስቅለትንም፣ ፋሲካንም። በሰማይ ያሉት እንዲህ ጨዋ መሆናቸውን ማን ያውቅ ነበር?

ውሉን ለመፈረም ከወሰንክ በኋላ ማማከርህ ጥሩ ነው።

እኔ ደህና ነኝ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ፋናዬ


ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሶማሌ ተራ

ዘመዴ፤

ይሄ ደብዳቤ ያለፈውን እንዲቀድመው ብመኝም አይቀድመውም። ማሙሸትን አውቶቡስ ተራ ድረስ ሄጄ፣ እጁ ላይ አስይዤ፣ ቦንጋ ላይ ለማንም ሳትሰጥ በጣቢያው መኪና ውስጥ በእጅህ አስገባ ብዬ አስምዬዋለሁ። አንብበህ ስትጨርስ ተቀመጥ። ወይም ተቀምጠህ አንብበው።

የሚጠራችሁ እኔ ነኝ።

ትራሱ ውስጥ ስልክ አለ። ሂዳያ ያመጣችው ባትሪው ትልቅ የሆነ፣ አንዴ ከሞላ ሁለት ወር ከምናምን የሚቆይ ቀፎ ነው። ሲደወልለት ሳይጮኽ፣ ሳይበራ፣ ራሱ እንዲያነሳ አድርጋ አስተካክላልኛለች። እሷን አትቀየማት፤ ለምን እንደፈለግኩት ስነግራት ተይ ብላኝ ነበር። ጥጡ መሃል ከትቼ ሰፋሁት። ከተኛህበት ትንፋሽህን እሰማለሁ፣ ከሌላ ሰው ጋር ካወራህም እሰማለሁ ብዬ። በየቀኑ የሱቁን መዝጊያ ሳወርድ እደውላለሁ። አንዳንዴ ኔትወርኩ እምቢ ይላል፣ አንዳንዴ ይገባል። እሁድ ሱቅ ስለማልከፍት አልደውልም። ስቅለትና ፋሲካም እንደዚያው። የሚያርፈውን የሚያስብ ነገር አገኛችሁት።

ደብዳቤህን አርብ ጠዋት እንዳነበብኩ ገባኝ። ገብቶኝ ምን አደረግኩ መሰለህ? ያንን እንኳን ደስ አለሽ የሚለውን ጻፍኩ። ትቅረብ፣ በሊቃውንት ፊት ትዋረድ፣ ስሟ ከስሜ ጋር ይቆራኝ አልኩ። ደስ አለኝ። ስንት ወር ሙሉ ያልተኛው ሆዴ ተኛ።

የባሰውን ልንገርህ። የዚያኑ ዕለት ሱቅ ስዘጋ አውቄ ደወልኩ። ገባ። "መጣህልኝ" አለች። ከዚያ ጭብጨባ ሰማሁ፤ ብዙ ሰው። የአንተን ሳቅም ከመሃል ለየሁት። እንደዚያ ስትስቅ ሰምቼህ አላውቅም። እሷ ታለቅስ ነበር፤ የደስታ ለቅሶ ነው፣ ይታወቃል። እኔ ጨለማ ሱቅ ውስጥ ስልክ ጆሮዬ ላይ ይዤ ቆሜአለሁ። ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ አልደወልኩም።

ትናንት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ እጄን ዘርግቼ የምለምነው ጠፋኝ። ይህቺ ሴትዮ ምን አድርጋኛለች? ወንበር ላይ ተቀምጣ የኔን ስልክ ስትጠብቅ ነው የኖረችው። ብጠላትም በሰው ፊት በኔ እጅ እንድትወድቅ አልችልም። ሳትነሳ ድረስባት። ትራሱን ቅደደው። ሥራህን እንደምታጣ አውቃለሁ፤ የፈረምከው አንተ ነህ። ይቅርታ።

ፋናዬ


ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከጣቢያው

ፋናዬ፤

ደርሶኛል። ሻንጣዋን መኪና ላይ ስትጭን ነው የደረሰኝ። ወደ ክፍሉ መልሼ አስገብቻት ትራሱን ፊቷ ቀደድኩት። ባትሪው ገና አላለቀም ነበር።

ምን አለች ብለሽ እንደምትጠይቂ አውቃለሁ። ስልኩን አገላብጣ አየችው። ከዚያ የት እንደምትሠሪ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ከግድግዳው ላይ ያንን ጽሑፍ ትነቅለዋለች ብዬ ነበር፤ አልነቀለችውም።

ወደ አዲስ አበባ የምትሄደው ለማቅረብ ሳይሆን ለመሰረዝ ነው። ስለ እኔ ምንም አልተወሰነም።

አሁን ሌላ መጻፍ አልችልም። ተቆጥቻለሁ። በማን ላይ እንደሆነ ገና አልለየሁትም።

ዘመድኩን


ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሶማሌ ተራ

ዘመድኩን፤

መጣች።

ቅዳሜ ገበያው በጦፈበት ሰዓት ነው። ቀጭን፣ አጠር ያለች፣ ጫማዋ ጭቃ የነካው ሴት ሱቁ ደጃፍ ቆማ የአንሶላ ዋጋ የምትጠይቅ መሰለኝ። እኔ ረጅም አድርጌ ነበር የሳልኳት። ፀጉሯን ከጀርባዋ የጣለች፣ ሽቶ ሽቶ የምትል። በፌስታል የያዘችው የተቀደደ ትራስ መሆኑን ሳይ ማን እንደሆነች ገባኝ። ተሳደቢ፣ ዝም እልሻለሁ ብዬ በሆዴ ተዘጋጀሁ።

እሷ ግን "የደወለልን ማን እንደሆነ ላየው መጣሁ" አለችኝ።

በርጩማ ሰጠኋት። ሂዳያ ከጎን ሆና አንገቷን አስግጋ ታያለች። ዶክተሯ በጥያቄ አጣደፈችኝ፤ በስንት ሰዓት ነው የምትዘጊው፣ ስትደውይ ቆመሽ ነው ተቀምጠሽ፣ ምን ይሰማሽ ነበር። እንደ ፖሊስ አይደለም፤ ከሩቅ አገር የመጣ ዘመድ እንደሚጠይቀው ነው። ሁሉንም መለስኩላት። መጣህልኝ ስትል ሰምቼ ምን እንዳሰብኩም ነገርኳት። ፊቷ ቀላ፤ ከዚያ ሳቀች፤ ከዚያ ዓይኗን ጠረገች። ወር ሙሉ ብቻችንን አይደለንም እያልኩ ነበር ከእንቅልፌ የምነሳው አለችኝ። ይቅርታ ጠየቅኳት። ይቅር ብያለሁም አላለችም፣ አላልኩምም አላለችም።

ታዲያ እዚያ ሰማይ ላይ አሉ ወይስ የሉም ብዬ ጠየቅኳት። እንዲያው የዚህን ያህል ከተነካካን ብዬ ነው። አላውቅም፣ የሚያውቅም ሰው የለም፣ የሉም ብሎ ከመተኛት ግን ጠብቄ ባጣቸው ይሻለኛል አለች። ከኔ ጋር እስከ መሳለሚያ ታክሲ ድረስ ሄደች። በሰው ግፊያ እንዳትወድቅ ክንዷን ይዣት ነበር። አየህ፣ ልጠላት ሞክሬ አቃተኝ፤ እሱም አናደደኝ።

ቅናቴ ግን ለቆኛል እንዳይመስልህ። እንዲያውም ብሷል፤ ዓይነቱ ነው የተለወጠው። ይህቺ ሴት ማን እንደሚደውል ሳታውቅ፣ ይደውል አይደውል ሳታውቅ፣ በየቀኑ ሰዓቱ ሳይደርስ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ስደውል አለቀሰች። እኔ አንተን ካገባሁ ጀምሮ ስንት ጊዜ ደውዬልሃለሁ? ቆይ መልሼ እደውላለሁ ነበር መልስህ። እኔን በዓለም ላይ እንደዚያ የጠበቀኝ ሰው ቢኖር እሷ ብቻ ናት፤ እሷም እኔ መሆኔን አታውቅም ነበር።

እንደማያባርሩህ ነግራኛለች። ስለዚህ ውሉ በእጅህ ነው፤ ፈርም አትፈርም አልልህም። አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። በትራስ ውስጥ ሳይሆን በግልጽ ነው የምጠይቅህ። እሷ ንጹህ መሆኗን በዓይኔ አይቻለሁ። ያንተ ልብ ግን ወደ እሷ ሄዶ ነበር ወይስ አልሄደም?

ፋናዬ


ግንቦት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከጣቢያው

ፋናዬ፤

ሄዶ ነበር።

አልሄደም ብዬ ሁለት ወረቀት ጽፌ ቀድጃለሁ። እሷ አታውቅም፤ አንድም ቀን ነግሬያት አላውቅም፣ ሊነገርም የሚችል አልነበረም። ግን ጠዋት ስነሳ የምላጨው ለሷ ነበር። ደብዳቤሽን ያነበብኩላቸው ሁሉም እንዲሰማው አይደለም፤ እሷ እንድትሰማው ነው። ትራሱንም የሰጠኋት አንገቷ ስላመማት ብቻ አይደለም። አንድ ነገር ልሰጣት ፈልጌ፣ እጄ ላይ ያለው ጥሩ ነገር አንቺ የሠራሽው ብቻ ሆኖ ነው። ስልኩ ባይኖርበትም ትራሱ እዚያ መገኘት አልነበረበትም። የሰማሽው ነገር ስህተት ነበር፤ የጠረጠርሽው ግን ስህተት አልነበረም። እብድ ነኝ ብለሽ እንዳታስቢ ነው የምነግርሽ።

እሷ ከአዲስ አበባ ተመልሳ ሥራዋን ቀጥላለች። ሌላ የሰማይ ጥግ እየሰማች ነው። እኛ ግን ልማድ ሆኖብን ያ ሰዓት ሲደርስ መስሚያው ክፍል እንሰበሰባለን። መስመሩ አይነሳም። ሌሎቹ እየሳቁ፣ እየተቀላለዱ ይወጣሉ። ትናንት እኔ ቀረሁ። አሁን ፋናዬ መዝጊያውን አወረደች፣ አሁን ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ አሁን ማንም አይደውልላትም፣ እሷም ለማንም አትደውልም ብዬ ተቀመጥኩ። መስመሩ ቢነሳ ብዬ ጓጓሁ። ምንም እንደማይመጣ እያወቅኩ ጨለማው እስኪወርድ አልተነሳሁም። እንደሷ ጠብቀኸኝ አታውቅም ላልሽው ልክ ነሽ። ትናንት ግን ጠበቅኩሽ።

አልፈረምኩም። ስላባረሩኝም፣ ስለተጸጸትኩም አይደለም፤ እዚህ ብቆይ ልቤን አላምነውም። ሐሙስ ሰኔ 5 በማሙሸት አውቶቡስ እሳፈራለሁ። አትቀበይኝ ብትይ ወደ እናቴ ቤት እሄዳለሁ።

ዘመድኩን


ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሶማሌ ተራ

ዘመድኩን፤

አንብቤዋለሁ። ቆሜ ጀምሬ መሬት ተቀምጬ ነው የጨረስኩት። ሂዳያ ምን ሆንሽ ብትለኝ ባሌ እውነት ተናገረ አልኳት። እንኳን ደስ አለሽ ልትለኝ ወይ አይዞሽ ልትለኝ ግራ ገብቷት ሱቄን ጠብቃልኝ ዋለች።

አልሄደም ብትለኝ አላምንህም ነበር፤ ሄዷል ስትለኝ ደግሞ ልሞት ነበር። ስለምትላጨው ጠዋት ባትጽፍልኝ ምን ነበረበት? እሱ ከሁሉም በላይ ነው ያቃጠለኝ። ለኔ ስትላጭ አየሁህ ወይስ አላየሁህም እያልኩ ዓመቱን ሁሉ ወደኋላ ቆጠርኩ።

ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ አልልህም። ይቅር ብዬሃለሁም አልልህም፤ ገና ነው፣ መቼ እንደሆነም አላውቅም። ቤት ስትገባ ብዙ ነገር እጠይቅሃለሁ፤ አንዳንዱን ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ሰለቸኝ እንዳትለኝ።

እናትህ ቤት አትሂድ። ሐሙስ ሱቁን ዘግቼ አውቶቡስ ተራ በሩ ላይ እቆማለሁ። የቦንጋው ይዘገያል ቢሉኝም፣ ዝናብ ቢመጣም አልነቃነቅም። ስትወርድ ፊቴ ቢጠቁር አትደንግጥ። ተናድጄ ነው የምጠብቅህ፤ ግን እጠብቅሃለሁ።

ፋናዬ